ረቡዕ፣ ዓርብ እና መግሪብ፦ የአንድ የደሴ ጁስ ቤት ጉዳይ

ደሴ ውስጥ ስለ እትዬ ጁስ ቤት የሚያወራ ሰው ሁሉ ነገሩን ከቪምቶ፣ ከዓረብ አገር ከሚመጣው ጣፋጭ ሽሮፕ፣ ይጀምራል። «ከጅዳ ቪምቶ ይዛ መጣች፤ አቮካዶ ላይ አንጠባጠበችው፤ በለጸገች» ይላል። ወሬው አጭር ነው፣ ለማውራትም ይጥማል፤ ልክ ግን አይደለም። ከ1995 እስከ 2001 ዓ.ም. የዚያን ቤት የሒሳብ ደብተር የያዝኩት እኔ ነኝ። ቀን መሥሪያ ቤት እውልና ማታ ከባንኮኒው ጀርባ ተቀምጬ የዕለቱን ገቢና ወጪ እጽፍ ነበር። ደብተሮቹ ዛሬም እኔ ዘንድ አሉ። ጥቂት ገጾች በማንጎ ተጣብቀው አልገለጥ ብለዋል እንጂ ቀሪው ይነበባል። ቪምቶ በእነዚህ ደብተሮች ውስጥ «ቀይ ሽሮፕ» ተብሎ በወጪ በኩል ተጽፏል፤ ያውም ከሳሙና ቀጥሎ።

እትዬ ከጅዳ የተመለሱት በሰው ቤት ዘጠኝ ዓመት ሠርተው ነው። ያጠራቀሙትን ገንዘብ ይዘው ከፒያሳ ዝቅ ብሎ አምስት ጠረጴዛ የሚያስገባ ቤት ተከራዩ። አንድ ያገለገለ የጣሊያን ቡና ማሽን፣ ሁለት የጁስ መፍጫና አንድ ማቀዝቀዣ ገዙ። መስከረም 1995 ተከፈተ። ፈረንጆች 2002 ይሉት የነበረው ዓመት ነው።

በዚያ ዘመን ሌላው ዓለም በመጠጥ ፋሽን ይጣደፍ ነበር። በ1987 እ.ኤ.አ. ኦስትሪያ ውስጥ ገበያ ላይ የዋለው ሬድ ቡል ወጣቱን ሌሊት እያስጨፈረ፣ ከታይዋን የተነሳው ከካሳቫ ዱቄት የተድቦለቦሉ ፍሬዎች ያሉበት ሻይ ባሕር እየተሻገረ ነበር። ደሴ ይህን ሁሉ አልሰማችም። ደሴ የራሷ ጣጣ ነበራት። ኮምቦልቻ ላይ ቢራ ፋብሪካ ተተክሎ ጊዮርጊስ ድራፍት በጃምቦ የሚቀዳባቸው ቤቶች በየመንገዱ ዳር በቅለዋል። ሞሐ ከመንግሥት ከገዛቸው የፔፕሲ ፋብሪካዎች አንዱ እዚሁ ደሴ ስለነበር ሚሪንዳ ከሰርግ ቤት ጠፍቶ አያውቅም። የታሸገ ውኃም መጥቷል። መጀመሪያ የመጣው ሃይላንድ ስለነበር እስከ ዛሬ ድረስ ፕላስቲክ ጠርሙስ ሁሉ ሃይላንድ ነው። ከዋናው መንገድ ዳር ያሉ ሕፃናት መኪና ባዩ ቁጥር «ሃይላንድ! ሃይላንድ!» ሲሉ ውኃውን ሳይሆን ባዶውን ዕቃ ነበር የሚፈልጉት። እናቶቻቸው ዘይት ይገዙበታል፣ ላምባ ይቀዱበታል፣ ወተት ይልኩበታል። የውኃው ፋሽን አለፈ፤ የጠርሙሱ ግን አላለፈም።

ጁስ ቤት ሲመጣ አዲስ የነበረው ነገር በማንኪያ የሚጠጣ መሆኑ ነው። የእትዬን ስፕሪስ አሠራር ብዙ ጊዜ ቆሜ አይቻለሁ። መጀመሪያ አቮካዶው በጥቂት ውኃና ስኳር ይፈጫል። መፍጫው ሲያቃስት ውኃ ይጨመርለታል፤ ዝም ካለ በዝቷል ማለት ነው። ረጅሙ ብርጭቆ ወደ ጎን ዘንበል ተደርጎ አቮካዶው በግድግዳው ላይ እንዲንሸራተት ይፈስሳል። ቀጥሎ ማንጎ፣ ቀጥሎ ፓፓያ፤ ሦስቱም በየመደባቸው ሳይደባለቁ ይቆማሉ። ምሥጢሩ ሁሉንም በአንድ ውፍረት መፍጨት ነው። አንዱ ከቀጠነ ወደ ሌላው ይሰርጋል፤ ሲሰርግ መልኩ የጭቃ ይሆናል፤ ደንበኛውም ሳይቀምሰው ፊቱን ያጨማድዳል። ከላይ ቀይ ሽሮፕ በቀጭኑ ይንጠባጠባል። በሳህኑ ላይ ግማሽ ሎሚ ይቀመጣል። ሎሚው ለጣዕም ብቻ አይደለም። የተቆረጠ አቮካዶ አየር ሲያገኘው በውስጡ ባለ ኢንዛይም ምክንያት ይጠቁራል፤ የሎሚ ኮምጣጣነት ደግሞ ያንን ያዘገየዋል። እትዬ ኢንዛይም የሚባል ነገር ሰምተው አያውቁም፤ ሎሚ ሲያልቅ ግን አቮካዶ አይሸጡም ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ኪሳራ ናቸው። ምክንያቱም ብርድ ነው።

አቮካዶ ዛፍ ላይ እንዳለ አይበስልም። ተቆርጦ ነው የሚበስለው፤ ለዚህም ሙቀት ይፈልጋል። የእትዬ አቮካዶ ከደቡብ ተነስቶ አዲስ አበባ ይደርሳል፤ ከዚያ 400 ኪሎ ሜትር ተጭኖ ደሴ ሲገባ ገና ድንጋይ ነው። ደሴ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ፣ ጦሳ ተራራ ሥር ተጠግታ የተቀመጠች ከተማ ናት። በጥቅምትና በኅዳር ሌሊት ብርዷ አጥንት ይበላል። ጆንያው ውስጥ ያለው አቮካዶ ሳምንት ቢቆይም አይላላም። አንዳንዱ ከውጭ አረንጓዴ እንደሆነ ውስጡ በጥቁር ክር ይወረራል። ሳይበስል የተበላሸ ፍሬ ማለት ይህ ነው። በጭድ ሸፈንን፤ ሙዝ አብረን አስቀመጥን። የበሰለ ሙዝ የሚያወጣው ኤትሊን የተባለ ጋዝ ሌላውንም ፍሬ ያበስላልና ትንሽ ረዳ። የጥቅምት ወር ደብተር ላይ ግን «ተጣለ» የሚለው ቃል በየሦስት ቀኑ አለ። ከአሥር ኪሎ ሦስቱ እየተጣለ አንድ ብርጭቆ በ3 ብር መሸጥ ትርፉ ምን እንደሆነ ለመገመት የሒሳብ ሰው መሆን አያስፈልግም። እትዬ ግን «አብሽር» ይሉኝ ነበር፤ እኔ ደግሞ ቁጥሩን እያየሁ እንዴት ልበሽር?

ጥቅምት 27 ሮመዳን ገባ። ይህ ጉዳይ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው ብል ይሻላል።

ቀን ቤቱ ጭር ይላል። ከመግሪብ አዛን በኋላ ግን የሚቀመጥበት ጠፋ። ሾርባና ተምር ቤቱ ቀምሶ የወጣው ሁሉ ከተራዊህ ሶላት በፊትም በኋላም ጁስ ይፈልጋል። እትዬ በጅዳ እንዳዩት የሥጋ ሳምቡሳ አስጠበሱ፤ በየምሽቱ ያልቅ ነበር። ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ገባና ሁለቱ ጾሞች ለአሥር ቀን ያህል ተደራረቡ። እኔም የክርስቲያን ደንበኞቻችን መጥፋት ከጾም ነው ብዬ ጻፍኩ፤ በደብተሩ ጠርዝ «ጾም ስለሆነ» የሚል ማስታወሻ አለኝ። ስህተት ነበር። ገና መጣ፣ ጥምቀት አለፈ፣ እነዚያ ደንበኞች ግን አልተመለሱም። ጾም የወሰዳቸው ቢሆን ኖሮ ከፋሲካው በፊት ገና ይመልሳቸው ነበር።

ምክንያቱን የነገሩን አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ማኪያቶ አዝዘው፣ ጠጥተው፣ ሒሳብ ከከፈሉ በኋላ ወደ ባንኮኒው ጠጋ አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁ።

«እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የምስሩንና የሥጋውን ሳምቡሳ የሚያስጠብሱበት ዘይት አንድ ነው?»

እትዬ ወዲያው አልመለሱም። እጃቸውን በሽርጣቸው ጠረጉ።

«አንድ ነው ጋሼ።»

«እንግዲህ እኔ ማኪያቶዬን እጠጣለሁ። ቤተሰቤን ግን ይዤ መምጣት አልቻልኩም።»

ወሎን የማያውቅ አንባቢ ካለ ነገሩ እንዲህ ነው። በአንድ ግቢ፣ አንዳንዴም በአንድ ቤት ሙስሊምና ክርስቲያን አብሮ ይኖራል፤ ቡናውን አብሮ ይጠጣል፣ ለቅሶውን አብሮ ይቀመጣል። ሥጋ ላይ ግን እያንዳንዱ የራሱን ባራኪ፣ ማለትም አራጁን፣ ያያል። ሰርግ ላይ ሁለት ድስት፣ ሁለት ዳስ የሚዘጋጀው ለዚህ ነው። ምግብ ቤቶችም የሙስሊም ወይም የክርስቲያን ናቸው፤ ሰው ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ሥዕል ወይም ጽሑፍ አይቶ ይገባል ወይም ያልፋል። ቢራ ቤቱ ደግሞ ለማይጠጣው ሁሉ ዝግ ነው፤ ሴት ልጅም ብቻዋን አትቀመጥበትም። ታዲያ የአንድ ክፍል ተማሪ የሆኑ አራት ልጆች፣ ሁለቱ ሙስሊም፣ ሁለቱ ክርስቲያን፣ ሁለቱ ሴት፣ ፈተና ሲጨርሱ የት ይቀመጡ? ሥጋ በሌለበት፣ አልኮል በሌለበት ቤት ነዋ። እኛ ያንን ቤት ከፍተን ሳናውቅ በሳምቡሳ ዘጋነው።

የሥጋ ሳምቡሳው የካቲት 1995 አጋማሽ ላይ ቀረ። እኔ ተቃውሜ ነበር፤ በደብተሬ ከጁስ ቀጥሎ ትርፍ የሚያስገባው እሱ ነበርና። እትዬ ድስቱን ራሱ ለጎረቤት ሰጡና አዲስ ገዙ፤ ለሚጠይቃቸውም ሁሉ አዲሱን ድስት ያሳዩ ነበር። ዐቢይ ጾም የካቲት 24 ገባ። ያን ጊዜ ሃምሳ አምስት ቀን ሙሉ ማኪያቶ በክርስቲያን ደንበኛ ዘንድ የለም፤ ወተት ነውና። ቡና ማሽኑ ግማሽ ቀን ሥራ ይፈታል። አቮካዶ ግን የጾም ቅቤ ነው፤ ወተትም ቅቤም ሳይነካው ሆድ ይሞላል። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ፣ ቅዳሴ ሲወጣ፣ ነጠላ የለበሱ ሰዎች አምስቱን ጠረጴዛ ሞልተው በማንኪያ ሲበሉ አየሁ። ከእነዚያ መካከል መምህሩና ባለቤታቸው ነበሩ።

ከዚያ ወዲህ ያለው ደብተር አንድ መልክ አለው። ማክሰኞና ሐሙስ ማኪያቶው ያይላል፤ ረቡዕና ዓርብ ጁሱ ማክሰኞ ከሚሸጠው እጥፍ ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። ሰኞ ገበያ ስለሆነ ከገጠር የመጣው ሰው ለስላሳ ይጠጣል፤ በማንኪያ የሚጠጣ ነገር ገና አላሳመነውም። ዓርብ ከጁምዓ በኋላም ሌላ ሰው ይጨመራል። በአንድ ዓመት ውስጥ ጾመ ነቢያት፣ ዐቢይ ጾም፣ ሰኔ ጾም፣ ፍልሰታ፣ በየሳምንቱ ሁለት ቀን፣ በዚያ ላይ ሮመዳን ሲደመር ቤቱ ያለ ጾመኛ የሚውልበት ጊዜ ትንሽ ነው። እትዬ ይህን ሲረዱ አዲስ ዓመት በመጣ ቁጥር ባሕረ ሐሳብ፣ አቡሻኽር የሚባለውን የበዓላትና የጾም ስሌት፣ የሚያወጡ ካህን ጋ ሰው ልከው የጾሙን ቀን ያስመጡ ጀመር። የስኳርና የፍራፍሬ ግዢው በዚያ ተሠራ። አንድ ሙስሊም ነጋዴ ንግዷን በአቡሻኽር ስትመራ ያየሁት ያኔ ነው።

ቪምቶን የረሳሁት እንዳይመስል። መጠጡ በ1908 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር ማንችስተር ውስጥ የተቀመመ ነው። በዚያ ዘመን አልኮልን የሚቃወም ንቅናቄ ነበርና ለማይጠጡ ሰዎች ብርታት ይሰጣል ተብሎ ነው የተሸጠው። የወይንና የእንጆሪ ጭማቂ ከቅመማ ቅመም ጋር። ከዚያ ወደ ዓረብ አገር ተሻግሮ የሮመዳን መጠጥ ሆነ፤ ከዓረብ አገር ደግሞ በወሎ ሴቶች ሻንጣ ደሴ ገባ። ጥሩ ነገር ነው፣ ያምራል፣ ፎቶግራፍ ላይም ይወጣል። ነገር ግን በ1996 ዓ.ም. ከፒያሳ እስከ ቧንቧ ውኃ ባለው መንገድ ላይ ጁስ የሚሸጥ ሁሉ ቪምቶ ያንጠባጥብ ነበር። ሁሉም ያለው ነገር አንዱን ብቻ አያበለጽግም።

ቀጥሎ የመጣው ጥፋት የሁላችንም ነው። ደሴ ከሠራ ኮምቦልቻማ ምን ይከለክለዋል አልንና ጥቅምት 1997 ሁለተኛ ቤት ከፈትን። ኮምቦልቻ የሐረጎን ቁልቁለት ወርደው 25 ኪሎ ሜትር ያህል ሄደው የሚያገኟት፣ ከደሴ ከስድስት መቶ ሜትር በላይ ዝቅ ያለች ሞቃት ከተማ ናት። ልዩነቱን በካርታ አይተን አናውቅም፤ በጁስ አየነው። ጠዋት የተላጠው ፓፓያ እኩለ ቀን ላይ ይኮመጥጣል። የፋብሪካ ሠራተኛ ፈረቃውን ጨርሶ ሲመጣ የሚፈልገው በማንኪያ የሚበላ ወፍራም ነገር ሳይሆን ጉሮሮ የሚያረጥብ ቀዝቃዛ ነገር ነው፤ አምቦ ውኃ፣ ኮካ፣ የሚጠጣ ከሆነም እዚያው የተጠመቀ ቢራ። ደሴ ላይ ሰው የሚከፍለው ለመቀመጫው ነበር፤ ኮምቦልቻ ላይ የሚከፍለው ለማቀዝቀዣው። ማቀዝቀዣችን ደግሞ አንድና ትንሽ ነበር። ስምንት ወር ታግለን ሰኔ ላይ ዘጋን።

ጠረጴዛዎቹን ልንጭን ስንሄድ ነው ከጓዳ ሽታ የመጣብን። ከሳምንት በፊት የወረደ፣ ረስተነው የሄድን ሁለት ጆንያ አቮካዶ በቆርቆሮው ጓዳ ውስጥ ነበር። እትዬ አንዱን አንስተው በአውራ ጣታቸው ገፋ አደረጉት፤ ጣታቸው ሰመጠ። ሌላውንም አነሱ፤ እሱም ሰመጠ። ሁለቱም ጆንያ እኩል በስሏል። ደሴ ላይ ሁለት ሳምንት ጠብቀን ሲሶውን የምንጥለው ፍሬ እዚህ ያለ ጭድ ያለ ሙዝ ደርሷል።

«ቤቱን ልቀቅ፣ ጓዳውን ግን አትልቀቅ» አሉኝ።

ከሐምሌ 1997 ጀምሮ ከአዲስ አበባ የሚመጣው አቮካዶ ደሴ ሳይደርስ ኮምቦልቻ ይራገፋል፤ ሦስት አራት ቀን ሞቆ ሲላላ በሚኒባስ ጣሪያ ላይ ሐረጎን ይወጣል። የጓዳው ኪራይ በደብተሩ ላይ «ማብሰያ» ተብሎ ተጽፏል። «ተጣለ» የሚለው ቃል ከዚያ በኋላ በወር አንዴ ቢገኝ ነው። ፓፓያውና ማንጎው ከጊራና፣ ከመርሳ በኩል ስለሚመጣ እንዲህ ያለ ጣጣ አልነበረበትም። የእትዬ ቤት ከሌሎቹ የተለየው በዚህ ነው እላለሁ፤ አቮካዶው በየቀኑ አንድ ዓይነት ነበር። ጎረቤቶቻችን ዛሬ ቅቤ፣ ነገ ሳሙና ይሸጡ ነበር።

ትልቁ ሳምንት መስከረም 1 ቀን 2000 ዓ.ም. የጀመረው ነው። ሚሌኒየሙ ረቡዕ ዋለ። ከተማው በመብራትና በባንዲራ አሸብርቆ፣ ጾመኛው ዶሮውን ለማግስቱ አሳድሮ፣ ልጆቹን ይዞ መንገድ ላይ ወጥቷል፤ የጾም ቀን ነውና ኬክም ማኪያቶም አይሆንለትም። ሮመዳንም በዚያው ሳምንት ገባ፤ ስለዚህ ረቡዕ የሙስሊሙ ቤተሰብ ሁሉ ከጾም በፊት ያለች የመጨረሻ ቀኑን ይዝናናል። ሁለቱም ወገን የሚቀመጥበት ቤት ጥቂት ነበር። ከጎረቤት ወንበር ተዋስን፤ ቀጥሎ የለስላሳ ሳጥን ገልብጠን መቀመጫ አደረግን። አንደኛው መፍጫ ከቀትር በኋላ ጭሶ ሞተ። ያን ዕለት ገቢውን ሁለት ጊዜ ደመርኩት፤ አላመንኩም ነበር።

በ2001 የግድቦች ውኃ ቀንሶ መብራት በፈረቃ ሆነ። አንድ ቀን አለ፣ አንድ ቀን የለም። መፍጫ ያለ መብራት ማሰሮ ነው። ከእኛ በላይ ያለው ቤት ጄኔሬተር ገዛ፤ ድምፁ ደንበኛውን እርስ በርሱ እንዳይሰማማ አድርጎት ነበር። እትዬ ነዳጁንም ጩኸቱንም አልወደዱትም። መብራት በሌለ ቀን ማሰሮ አስወጡ። ተልባ ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ በውኃ ተበጥብጦ፤ አብሽ በማር፤ ለሚወደው ደግሞ ከገብስ የሚጠመቀው ቀሪቦ። ተልባው የክርስቲያን ጾመኛ መጠጥ ነው፤ ቀሪቦው በሙስሊም ሰርግ የሚቀዳ። እናቶቻችን ሁሉ የሚሠሩት ነው፤ ብርጭቆውና ማንኪያው ብቻ የጁሱ ነው። እኔ በልቤ «በቃ፣ አበቃልን» ብዬ ነበር።

ደብተሩ ሌላ ይላል። መብራት በሌለባቸው ረቡዕና ዓርቦች ጠረጴዛዎቹ እንደ ወትሮው ሞልተዋል። ገቢው አንሷል፤ ተልባ በጁስ ዋጋ አይሸጥምና። ወጪው ግን ከዚያ በላይ ወርዷል። በእነዚያ ቀናት በወጪው በኩል «ቀይ ሽሮፕ» የሚል መስመር የለም፤ ቪምቶ የት ሄደ ብሎ የጠየቀም ሰው አልነበረም።

አንድ ሰው ብቻ፣ የአሥር ዓመት ልጅ ይሆናል፣ ከእናቱ ጋር መጥቶ ተልባው ላይ ቪምቶ እንዲፈስስለት አለቀሰ። እትዬ ሳቁና አፈሰሱለት። ቀምሶ ፊቱን አጨማደደ፤ እናቱ «ራስህ ያዘዝከው ነው» ስላለችው እስከ መጨረሻው ጠጣው። በደብተሩ ላይ በእኔ ጽሑፍ ሳይሆን በእትዬ እጅ እንዲህ ተጽፏል፦ «ቀይ ሽሮፕ፣ ተልባ ላይ፣ አንድ። በነፃ።»